በአማርኛ የወደቀ በረዶ

እኔ በቀላሉ የምታለል ሰው አይደለሁም። ይህን ለጉራ አልለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ገና ልጅ ሳለሁ እናቴ ማር ልትገዛ ስትሄድ እኔን አስከትላ ነበር የምትሄደው። ስኳር የተደባለቀበትን ማር አንዴ በጣቴ ቀምሼ እለያለሁ፤ ሻጩ ቢምል ቢገዘትም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። በዚህ የተነሳ ሁለት ማር ሻጮች እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለሁትን እኔን፣ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው ተባብሮ አንድ ዓመት ሙሉ ሸወደኝ።

ቤታችን ከሸዋ ቤንች አለፍ ብሎ፣ ሚኒባስ ከሚያቆምበት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ቡናው ከጓሮ ይጀምርና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። አባቴ የራሱ ልማድ አለው። ልጁ ትምህርት ቤት በገባ ዓመት እጁን ይዞ ወደ ቡናው ያስገባውና «ከዚህ እስከዚህ ያንተ ነው» ይለዋል። ለእኔ የደረሰኝ ወንዙ ዳር ያለው አሥራ ሁለት እግር ቡና ነው። ከሽያጩ የሚገኘው የቤቱ ነው፣ መልቀሙ ግን የእኔ ነው። ሳልፈቅድ እነዚያን ዛፎች የነካ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጣላሁ እናቴ ትንገራችሁ።

ቡና ደግሞ ዓመት ይዘላል። አንድ ዓመት ቅርንጫፉ እስኪሰበር ይይዝና በሚቀጥለው ዓመት ደክሞት ያርፋል። እኛ አገር ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ሠርግ የሚደገሰው፣ ቤት የሚታደሰው ቡናው የሚይዝበትን ዓመት ጠብቆ ነው። ማንም ያላሰበበት ነገር ቢኖር የእኔ የትምህርት ቤት ካርድም በዚያው ቡና የሚመራ መሆኑ ነው። ቡናው ያረፈ ዓመት የእኔ ውጤት ይይዛል፤ ቡናው የያዘ ዓመት የእኔ ውጤት ይረግፋል።

ለዘጠነኛ ክፍል ሚዛን ተፈሪ መጥቼ፣ አንዲት ደግ ሴትዮ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የዚያን ዓመት ቡናው አርፎ ነበር። እኔም አርፌ ተማርኩና አማካይ ውጤቴ ሰማንያ አራት መጣ። አባቴ ካርዱን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሦስት ቀበሌ አዞረው።

አሥረኛ ክፍል ስገባ ቡናው ያዘ። አባቴ አስቀድሞ «እኛ እንለቅማለን፤ አንቺ ተማሪ» ብሎኝ ነበር። እናቴም እንዳልመጣ አስጠንቅቃኛለች። ግን ኅዳር ሲገባ ከተማው ሁሉ ቡና ቡና ይሸታል፤ በየግቢው ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ ባጃጁ ሳይቀር ጆንያ ጭኖ ይሮጣል። እኔ ክፍል ቁጭ ብዬ ስለ ሴል ስማር ወንዙ ዳር ያሉት ዛፎቼ ቀልተው ይታዩኛል። አንድ ዓርብ ለአከራዬ «ሰኞ እመለሳለሁ» ብያት ሄድኩ፤ የተመለስኩት ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።

ማንም በዚህ ወላጆቼን እንዳይወቅስ። እነሱ ሂጂ ሲሉኝ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነው የቀረሁት። ቅርጫቱን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ቅርንጫፉን ወደ እኔ ጎንበስ አድርጌ፣ ቀዩን እየለየሁ ስለቅም ከእናቴ በቀር የሚደርስብኝ የለም። ከእሷ ጋር እሽቅድድም እንገባለን። ጎረቤት በደቦ ይመጣል፣ ሰው ይተራረባል፣ ሳቁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ከዚያ የበለጠ ደስታ በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ስመለስ የሚድ ፈተናው አልፏል፣ የቡድን ሥራው ያለ እኔ ተሠርቷል፣ አሳይመንቱ ተሰብስቧል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት አማካዬ አርባ ሰባት ሆነ። በሁለተኛው እንደ እብድ አንብቤ ሰባ አምስት አመጣሁ። ዓመቱ ስልሳ አንድ ሆኖ ተዘጋ። አባቴ ያንን ካርድ የትም አላዞረውም።

አሥራ አንደኛ ክፍል ቡናው አረፈ፤ እኔም ሰማንያ ስድስት አመጣሁ።

የዚያ ዓመት መጨረሻ፣ ወላጅ ካርድ በሚቀበልበት ቀን፣ አባቴ የታጠበ ሸሚዙን ለብሶ ትምህርት ቤት መጣ። የክፍላችን ስም ጠሪ መምህር ቁጭ አድርጎት ምን መማር እንደምፈልግ ጠየቀኝ። አዋላጅ መሆን እንደምፈልግ ነገርኩት። እናቴ የመጨረሻ ልጇን በወለደች ጊዜ እስከ ጤና ጣቢያው አብሬ ሄጄ ነበር። ከክፍሉ የወጣችው አዋላጅ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ልጅ ናት። ሕፃኑን ይዛ እየሳቀች «ይኼማ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው፤ ከአሁኑ ይጮኻል!» አለችን። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር ለመሆን አስቤ አላውቅም።

መምህሩ ሚዛን ያለው የጤና ኮሌጅ ተማሪ እንዴት እንደሚቀበል ለአባቴ አስረዳው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና ማለፍ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለው የአራት ዓመት ውጤት ተደምሮ ይታያል፤ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ለቃለ መጠይቅ ይጠራል። «እስካሁን ባየሁት» አለ፣ «አማካዩ ከሰማንያ በታች ሆኖ የተጠራ ልጅ አላጋጠመኝም።» ካልኩሌተሩን አውጥቶ የሦስቱን ዓመት ደመረና የጎደለውን በደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፈው፤ ሰማንያ ዘጠኝ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰማንያ ዘጠኝ ካመጣሁ እገባለሁ፣ ከዚያ ካነሰ አልገባም።

«ይቺን ስልሳ አንድ ምን አመጣት?» ብሎ አባቴ በጣቱ ነካት።

«ቡና ነዋ፣ አባቴ» አለው መምህሩ። «የሚመጣው ዓመትስ ቡናው እንዴት ነው?»

አባቴ ደብተሩን ትክ ብሎ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አደረገ። እኔ ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

በክረምቱ ቤት ነበርኩ። ቡናው አረንጓዴ ፍሬ ጭኖ ቅርንጫፉ ገና በሐምሌ መጎንበስ ጀምሮ ነበር። ደስታዬን አልደበቅኩም። «ዘንድሮ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው የምመጣው» እያልኩ ማልኩላቸው። እናትና አባቴ ተያዩ። በአሥረኛ ክፍልም ይህንኑ ቃል በቃል ምዬ ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አባቴ ድንገት ሚዛን መጣ። አከራዬ በር ላይ ሆና አስገባችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀና በአማርኛ «በረዶ መታን» አለኝ።

«ምኑን?»

«ቡናውን። የኛን ዳገት ብቻ ለይቶ። አንድ ፍሬ አልቀረም።»

አለቀስኩ። እሱ መሬት መሬቱን አየ። ኀዘን መስሎኝ ነበር። በቤታችን የምንነጋገረው በቤንችኛ ነው፤ የአባቴ አማርኛ ለገበያ፣ ለቢሮና ለቀበሌ ስብሰባ የተቀመጠ ነው። ያን ቀን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ሲያወራኝ፣ አከራዬ አጠገባችን ስለቆመች እንዳይከፋት ብሎ ነው አልኩ። ሲሄድ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አሁን እንግዲህ የሚለቀም የለም፤ እስከ ክረምት ቤት መመላለሱ ይቅርብሽ። አንቺ ሰማንያ ዘጠኝሽን ልቀሚ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን የእኛ ቀበሌ ሰው ሲያገኘኝ ፊቱን ያጠቁር ጀመር። ደግ ጎረቤታችን የሆነ ሰውዬ በረዶው እንደ ሎሚ ነበር አለኝ። ሚስቱ በሳምንቱ ስታገኘኝ እንደ ኮረሪማ አለችኝ። ዘመዳችን የሆነ አንድ ሽማግሌ ግን እጁን በሰፊው ዘርግቶ «እንደ ጎደሬ!» አለ። የጎደሬ ሥር ያየ ሰው ያንን የሚያህል በረዶ ከሰማይ ቢወርድ ቤትም ሰውም እንደማይተርፍ ያውቃል። ማር ለይቼ የማውቅ እኔ፣ «ወይኔ! ዶሮዎቹስ ተረፉ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ዶሮ እንኳ በእግዜር ጥበቃ» አለና እየተቻኮለ ሄደ።

ውሸቱ ግን ያላሰቡትን ነገር አመጣ። በረዶ የመታው ቤት ምን ይበላል ብዬ መጨነቅ ጀመርኩ። የሚላክልኝን ስንቅ ቆጥቤ ወደ ቤት ልመልስ ብዬ ምሳ መዝለል ጀመርኩ። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ከተማው ዳር ያለ የቡና መፈልፈያ ለቃሚ ሴቶች እንደሚፈልግ ሰማሁና ሄጄ ተመዘገብኩ። ሰኞ ልጀምር ነው። ትምህርቱን ለጊዜው ማቆም ነው ብዬ ቆርጫለሁ፤ ውሳኔዬንም ለአከራዬ በኩራት ነገርኳት።

አከራዬ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት አባቴ በር ላይ ቆሟል። አንድ እጁ ላይ የታሰረች ዶሮ፣ ሌላው ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ፣ ጀርባው ላይ ጎደሬና ማር የያዘ ጆንያ። እንዲያ ሲጣደፍ አይቼው አላውቅም።

«ምን ሆነሽ ነው? በረዶ የመታው ቡናውን ነው እንጂ ጎደሬውን ነው እንዴ?» አለኝ በአማርኛ። «ጎደሬ አፈር ውስጥ ነው። ማሩም ቀፎ ውስጥ ነው። እኛ ጠግበናል፤ ዶሮዋ ምስክር ናት።»

«ጣትህ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ጠቁረዋል። ቡና የለቀመ ጣት መሆኑን ማንም የእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል።

ጣቱን አየው፣ ሙዙን አየው። «የሙዝ ጭማቂ ነው» አለ።

አመንኩት! እስከ ዛሬ ሳስበው በራሴ የምስቀው በዚህች ነው። ዶሮዋን አርደን በላን፣ መፈልፈያውን ሰረዝኩ፣ እሱም ከመሄዱ በፊት ያንን ደብተር አውጥቼ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እንዳነብለት አደረገኝ።

አነበብኩ። ለራሴ ብቻ ብሆን ኖሮ ያን ያህል አላነብም ነበር። የጠፋውን ቡና እኔ መተካት ያለብኝ መሰለኝ። ሰኔ ላይ ካርዴ ሲወጣ ዘጠና አለ። መምህሩ «አንድ ትርፍ አለሽ፣ ለልጅ ልጅሽ አስቀምጪው» ብሎ ሳቀብኝ። ሐምሌ ላይ ፍራሻችንን ተሸክመን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን ሀገር አቀፉን ፈተና ወሰድን፤ እሱንም አለፍኩ።

ቤተሰቤ ከፈተናው በኋላ እውነቱን ሊነግሩኝ ተስማምተው ነበር አሉ። ግን ማን ይንገራት? የሚለው ላይ ተጣሉ። ጠባዬን ያውቁታላ። እናቴ ለአባቴ ተወችለት፣ አባቴ ለሽማግሌው ዘመዳችን ተወለት፣ ሽማግሌው እኔ ስመጣ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። በዚህ መሀል ለክረምት ቤት ስገባ የቤታችን ጣሪያ አዲስ ቆርቆሮ ለብሶ ያበራል።

«ይኼስ?» አልኩ።

«የድሮውን በረዶው በሳው» አለ አባቴ፣ አሁንም በአማርኛ።

በረዶ ያራቆተው ሰው አዲስ ቆርቆሮ ከየት ያመጣል ብዬ አልጠየቅኩም። ጭራሽ አዘንኩላቸው።

ለቃለ መጠይቁ የተጠራሁት በመስከረም መጨረሻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሬጅስትራሩ ናቸው፤ ሽበት የወረሳቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ የዚያው የቤንች ሰው። አጠገባቸው አዋላጆችን የምታስተምር ነርስ አለች፤ ሁሉም «ሲስተር» ነው የሚላት። ሦስተኛው ማስታወሻ የሚይዝ ወጣት መምህር ነው።

ሬጅስትራሩ ትራንስክሪፕቴን አነሱ። «ዘጠነኛ ሰማንያ አራት። አሥረኛ ስልሳ አንድ። አሥራ አንደኛ ሰማንያ ስድስት።» ቀና አሉ። «አሥረኛ ክፍል ምን ሆነሽ ነው? አሞሽ ነበር?»

«አላመመኝም፣ ጋሼ። ቡና እየለቀምኩ ነበር።»

«የት ቀበሌ?»

ነገርኳቸው። በጣታቸው ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠሩና ራሳቸውን ነቀነቁ። እኛ አገር የቢሮ ሰውም ቢሆን ቡና አለው። «ልክ ነሽ፣ የያዘበት ዓመት ነው። ስልሳ አንዱ ገባኝ» አሉ። ተንፈስ አልኩ። እሳቸው ግን ወረቀቱን አላስቀመጡትም። «እንደዚያ ከሆነ አሥራ ሁለተኛሽም የቡና ዓመት ነው። እንዲያውም ከአሥረኛው የባሰ ነው የያዘው። ታዲያ ይሄን ዘጠና ከየት አመጣሽው?»

«ዓምና የኛን ቡና በረዶ መታው።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «መቼ?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ልጄ፣ እኔ ዓምና ኅዳር ላይ ለለቅሶ እናንተ ቀበሌ ነበርኩ። ከመንገዱ እስከ ወንዙ ቡናው በባላ ተደግፎ ነው ያየሁት፤ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር። እውነቴን ነው፣ ቀንቼ ነው የተመለስኩት። በረዶ የሚባል ነገር አልወደቀም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወጣቱ መምህር ግን አንድ ነገር ጻፈ፤ የጻፈው «ትዋሻለች» የሚል ሆኖ ታየኝ። አራት ዓመት የደከምኩበት ነገር በአንድ በረዶ ሊያልቅ ነው።

«ከእግዜር በታች እውነቴን ነው!» አልኩ፤ ስናደድ ድምፄ ይጨምራል። «አባቴ ነግሮኛል! ጎረቤቱ ሁሉ ነግሮኛል! እንደ ሎሚ ነው ያለኝ አለ፣ እንደ ኮረሪማ ያለችኝ አለች፣ እንደ ጎደሬ...»

እንደ ጎደሬ ስል ራሴን ሰማሁት። ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። ጣቱ ትዝ አለኝ። የሙዝ ጭማቂ!

«አባትሽ ስልክ አለው?» አሉኝ ሬጅስትራሩ።

ደወልኩና ለሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ጊዜ ጠራ። አባቴ ስልክ የሚያነሳው ማዶ ያለ ሰው እንደሚጣራ እየጮኸ ነው።

«ሃሎ!»

«አባዬ፣ ዓምና ጥቅምት ላይ በረዶ ወድቆ ነበር አይደል?» አልኩት በአማርኛ።

ምንም አላመነታም። «ወደቀ እንጂ! ምን ዓይነት በረዶ! እንደ ጎደሬ!»

«ቡናውስ?»

«የቱ ቡና? አለቀ! ድራሹ ጠፋ!»

ሲስተር አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩና ያንኑ ጥያቄ በቤንችኛ ጠየቅኩት። ከማዶ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማል፤ እናቴ ማን ነው የደወለው ስትል ትሰማለች። ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገና፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ፈተናው አለቀ?»

«አለቀ» አልኩት።

«ሁሉም? ከዚህ በኋላ ሌላ የለም?»

«የለም፣ አባዬ።»

«እንግዲያውስ አልወደቀም» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት ሬጅስትራሩ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን እየጠረጉ ለሁለቱ ተረጎሙላቸው። ከዚያ ሲስተር ሳቀች፤ ወጣቱ መምህርም ወረቀቱን ገልብጦ ሳቀ። እኔ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነበር፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም። አባቴ ማን እንደሚስቅ ሳይገባው «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል» አለች ሲስተር እንደምንም ራሷን ገትታ። «ምጥ የያዛት ሴት ደህና ነኝ ብትልሽ ታምኛታለሽ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አላምንም፣ ሲስተር» አልኳት።

ስሜ ከተቀበሏቸው ጋር ሰሌዳ ላይ ወጣ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሦስተኛ ጊዜ ደግሞ አንድ የማላውቀው ልጅ እንዲያነብልኝ አደረግኩ። በዚያው ሚኒባስ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ከመንገዱ ጀምሮ የሚያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ ፊቴን አይቶ ይሸሻል። ወሬው ቀድሞኛል። ሎሚው ሰውዬ አጥሩ ውስጥ ገብቶ «እኔ የታዘዝኩትን ነው!» አለኝ። እየሳቅኩ አለፍኩት።

አባቴ በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ልጣላው ብዬ መንገድ ሙሉ ያሰብኩት ነገር ነበር። ከማውጣቴ በፊት እናቴ ከውስጥ ወጣች።

«ሌላውን በደቦ ለቀምነው» አለችኝ። «ያንቺን አሥራ ሁለት እግር ግን እሱ ብቻውን ነው የለቀመው። በዚያ በሚያመው ጉልበቱ ወንዝ ድረስ እየወረደ። ማንንም አላስነካም።»

«የነካብኝን እጣላለሁ ስትል ነበራ» አለ አባቴ፣ አሁን በቤንችኛ። «ሰው አስነክቼ ለምን ከእሷ ጋር እጣላለሁ?»

ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው እንደሚወደኝ ተሰምቶኝ አያውቅም። ቆይቼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ በረዶው ለምን በአማርኛ ብቻ እንዳወራኝ።

ወደ ቡናው አየ፤ ከዚያ ሰው እንዳይሰማው እንደሚፈልግ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«በኛ ቋንቋ ቡናዬ ጠፋ ብል ቡናው ራሱ ይሰማኛል። ያደገው እኛን እየሰማ ነው፤ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። አማርኛ ግን አይሰማም።»

አሁን የኮሌጁ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በገባሁበት ዓመት ቡናው አርፎ ነበር። በዚህ ጥቅምት ከጤና ጣቢያ ልምምድ ተመልሼ፣ ሐሙስ ለሚሰጠን ፈተና ደብተሬን እንደዘረጋሁ አባቴ ደወለ። እንደ ልማዱ ጮኾ ሃሎ አለና ቀጠለ፤ በአማርኛ።

«ቡናው እንኳ ዘንድሮ ብዙም አልያዘም» አለ። «ብትመጪም ትርጉም የለው።»

ቅርንጫፎቹ በባላ ተደግፈው፣ ወንዙ ዳር ያሉት አሥራ ሁለቱ ቀልተው ታዩኝ። ስልኩን ወደ ጆሮዬ አጥብቄ ያዝኩት።

«ውይ! በረዶ መታው እንዴ፣ አባዬ?»

«መታው፣ ልጄ።»

«እንደ ጎደሬ?»

«ከጎደሬም ይበልጣል» አለኝ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አልኩትና ወደ ደብተሬ ተመለስኩ።